ገንዘብህን ከመቀበላቸው በፊት ምን ጠየቁህ?

ሰኞ ሰኞ ምግብ ቤታችን ዝግ ነው። እኔ ግን ቤት መዋል ስለማልችል ሄጄ ፍሪጅ አጸዳለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ የሳምንቱን ሂሳብ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ውስጥ፣ እንዲህ ባለ ሰኞ፣ የእህቴ ልጅ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ እኔው ቤት ነው ያደገው፤ እናቱ ዛሬም እዚያው ናት። ሌላ ሥራ ቢኖረውም ቅዳሜና እሁድ ያስተናግድልኛል።

«አክስትዬ፣ ለሁለት ሳምንት ሰው ፈልጊ። ፔሩ ልሄድ ነው።»

«ፔሩ ማን አለህ?»

«ማንም። መድኃኒት ልጠጣ ነው። አያዋስካ ይባላል። ጫካ ውስጥ ባህላዊ ሐኪሞች የሚሰጡት የእንጨት መድኃኒት ነው። ያስመልሳል፣ ያስለቅሳል፣ ከዚያ ይቀልሃል ይላሉ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሳቅኩ። እናቴ በልጅነታችን ኮሶ ታጠጣን ነበር፤ በማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ አፍንጫ ተይዞ። «ሆድ ለማጠብ ነው እንዴ ፔሩ ድረስ የምትሄደው? ኮሶ ላስመጣልህ» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም።

አባቱ ያረፈው በ2020 በኮቪድ ነው። ሄዶ አልቀበረውም፤ ለቅሶውን የተቀመጠው በስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሐኪም ሰርትራሊን የሚባል የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት አዞለት ይወስዳል። «ደግፎ ያቆመኛል እንጂ አያድነኝም» አለኝ። ሳቄን ዋጥኩ። አብሮኝ አንድ ቤት እየኖረ ይህን ያህል እንደተጨነቀ አላወቅኩም ነበር።

ከዚያ ላፕቶፑን ከፍቶ የሚሄድበትን ቦታ አሳየኝ። ፎቶው ያማረ ነው። ላባ የደፋ ሽማግሌ፣ ጭስ፣ ወንዝ፣ በሐማክ የተጋደሙ ፈረንጆች። ከላይ በትልቁ «እውነተኛው፣ ጥንታዊው፣ ያልተበረዘው» የሚል ጽሑፍ አለ። አምስት መቶ ዶላር ዲፖዚት ከፍሎ ጨርሷል።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምግብ ሸጫለሁ። አዲስ ደንበኛ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ምግባችሁ እውነተኛ የኢትዮጵያ ምግብ ነው?» ብሎ ነው። ለእሱ ብዬ ግድግዳው ላይ አገልግልና ጭራ ሰቅያለሁ፣ መሶብ ደርድሬያለሁ። ወጡን የሚሠራው ግን መሶቡ አይደለም። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ እሳት የሚያስቸኩል ቤትም የሚያምር መሶብ አለው። ስለዚህ ላባውን ሳይ ደስ አላለኝም፤ ጓዳውን የሚያሳይ ፎቶ ፈለግኩ፣ የለም።

«ገንዘብህን ከመቀበላቸው በፊት ምን ጠየቁህ?» አልኩት።

አሰበ። «ስሜን። የካርድ ቁጥር። አትክልት ብቻ እበላ እንደሆነ። የቲሸርት ቁጥር።»

«ምን መድኃኒት እንደምትወስድስ?»

«እሱን አልጠየቁኝም።»

እናቴ ኮሶ ስትለካ ትዝ ይለኛል። ለታላቄ ይህን ያህል፣ ለእኔ ከዚያ ያነሰ፣ ከሕመም ላገገመ ደግሞ ጭራሽ የለም። የጎረቤት ሴት ኮሶ ልትለምን ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?» ነበር፤ ጽንስ እንደሚያስወርድ ታውቃላችና። ያልተማረች ሴት ናት። ኮሶ በዛ ማለት መርዝ ማለት እንደሆነ ግን ማንም ሳይነግራት ታውቅ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ አዘውትሮ ሽሮ የሚበላ ፋርማሲስት ደንበኛ አለኝ፣ ያገራችን ልጅ ነው። በማግስቱ ጠየቅኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሰርትራሊን እየወሰደ?» አለኝ፣ ሁለት ጊዜ።

እንደገባኝ ላስረዳችሁ። አያዋስካ የሁለት ተክል ፍል ነው። አንደኛው ወፍራም ሐረግ ነው፤ ይቀጠቀጥና ቻክሩና ከሚባል ቅጠል ጋር ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል። ራእይ የሚያሳየው ዲኤምቲ የሚባለው ነገር ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው። ቅጠሉን ለብቻው ብትጠጡት ግን ምንም አይሆንም፤ ሰውነታችን ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ፈጭቶ ያጠፋዋል። የሐረጉ ሥራ ያንን ኢንዛይም ማገድ ነው። ጫካ ሙሉ ዕፅ ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ለይተው ያገናኙትን ሰዎች፣ እንደ ወጥ ሠሪ ልናገርና፣ ባርኔጣ አነሳላቸዋለሁ። ማርና ጌሾን ያገናኘውም ሰው እንዲህ ያለ ሳይሆን አይቀርም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ያ ኢንዛይም ሴሮቶኒን የሚባለውንም ነገር የሚቀንሰው እሱ ነው። እነ ሰርትራሊን ደግሞ ሴሮቶኒንን የሚያበዙ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ሲያበዛ ሌላው መውጫውን ከዘጋ ሰውነት ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻም አብሮ አይሄድም። ፋርማሲስቱ አጥብቆ የነገረኝ ሌላም አለ። «እንግዲያው መድኃኒቱን ልተወው ብሎ በራሱ እንዳያቆም። ከሐኪሙ ጋር ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው። ፍሉኦክሰቲን የሚባለው ደግሞ ከቆመ በኋላ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይጠበቃል።»

ማታ ለልጁ ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። በዚያው ሌሊት ለቦታው ጻፈላቸው፤ የመለሱለት «ከመምጣትህ ሦስት ቀን በፊት አቁመው» ብለው ነው። አምስት መቶውን አልመለሱም። እኔ በበኩሌ ጥሩ ዋጋ ከፈልን እላለሁ።

አሁን «ከዚያ ጉዳዩን ተወው» እላችሁ መስሏችሁ ይሆናል። አልተወውም፤ እኔም ተው አላልኩትም። ነገሩ ሁሉ ማጭበርበር አይደለምና። በኡካያሊ ወንዝ ዳር፣ ፑካልፓ በምትባለው ከተማ ዙሪያ፣ ሺፒቦ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ሐኪሞቻቸው ለመማር ለወራት ከሰው ተለይተው፣ ያለ ጨው፣ ያለ ስኳር፣ ያለ አልኮል ይጾማሉ። ሕክምናው በጨለማ ነው፤ ሐኪሙ እያንዳንዱን በሽተኛ ኢካሮ በሚባል ዜማ ያክመዋል። ጾምና ዜማ ላደግንበት ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የፔሩ መንግሥት በ2008 ይህን ባህል ብሔራዊ ቅርስ ብሎ አውጆታል። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ሌላ መድኃኒት ያልረዳቸው 29 የድባቴ ሕመምተኞች በጥናት ተፈትነው ነበር፤ አያዋስካ የጠጡት በሳምንቱ ከሌሎቹ የተሻለ እፎይታ ታይቶባቸዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው። ሰዎቹ ደግሞ የሚወስዱት መድኃኒት ከሰውነታቸው ወጥቶ፣ ጤናቸው ተመርምሮ፣ ሐኪም አጠገባቸው ሆኖ ነው የጠጡት።

እናም አብረን ፍለጋ ገባን፤ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ሰኞ ሰኞ ስልክ እንደውላለን፣ እሱ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ እኔ በአማርኛ ከጎን እጨቀጭቃለሁ። ሌሊቱን የሚመራው ሰው ማነው፣ ከማን ተማረ? የመንደሩ ሰው ሲታመም እሱ ጋ ይሄዳል ወይስ የሚመጣው ፈረንጅ ብቻ ነው? ይቺን ጥያቄ የጨመርኳት እኔ ነኝ። ያበሻ ምግብ ቤት ውስጥ አበሻ የማይበላ ከሆነ እኔም አልገባም። አንድ ሐኪም በአንድ ሌሊት ስንት ሰው ይይዛል? አንዱ ቦታ «እስከ አርባ» ሲሉን ስልኩን ዘጋን። ሆስፒታል በጀልባ ስንት ሰዓት ይርቃል? ኢኪቶስ የምትባለው፣ ብዙ ቱሪስት ለዚህ የሚሄድባት ከተማ፣ ከሌላው ፔሩ ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የላትም፤ በአውሮፕላን ወይም በወንዝ ነው። ከእሷ ደግሞ ገና በጀልባ ወደ ጫካ ትገባላችሁ። ሌሊት ልባችሁ ቢያምፅ ማን ይደርስላችኋል?

ፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ተክሎች ሌላ ምን እንደሚጨመርም ጠይቁ። ቶዬ የሚባል አበባ የሚጨምሩ አሉ፤ የኛው አስተናግር ዘመድ ነው። አስተናግር የቀመሰ ሰው አይታችሁ ካወቃችሁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ራሷን መቆጣጠር በማትችልበት ሰዓት፣ ሐኪም ነኝ ባይ የደፈራቸው ሴቶች ብዙ ተናግረዋል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅታ የምትጠብቅ፣ መድኃኒቱን ያልጠጣች ሴት ረዳት ከሌለች አይሆንም በሉ። «መድኃኒቱ ነው እንድነካሽ ያዘዘኝ» የሚል ሰው ሐኪም አይደለም።

«እዚሁ አንድ ሰው ቤት ይሰጣል» የሚሏችሁም አይጠፉም። ዲኤምቲ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ከብራዚል የመጣች አንዲት ቤተ እምነት በ2006 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ረትታ ለሥርዓቷ ትጠቀምበታለች፤ ያ ግን ለየሰው ምድር ቤት ፈቃድ አይሆንም። አንድ ነገር ቢደርስባችሁ አምቡላንስ ለመጥራት የሚፈራ ሰው ዘንድ አትጠጡ። ፔሩ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ራሱ በ2025 ዜጎቹ አያዋስካ እንዳይጠጡ አስጠንቅቋል፤ ይህንንም አንብቦ መወሰን ነው።

በመጨረሻ አንድ ቦታ አገኘን። ላባ የለም፣ ዌብሳይታቸው እንዲያውም አስቀያሚ ነው። ገንዘብ አንቀበልም፣ መጀመሪያ ይህን ሙሉ ብለው ስድስት ገጽ ፎርም ላኩ። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነመጠናቸው። አራተኛው ገጽ ላይ «ከቤተሰብህ ውስጥ የአእምሮ ሕመም የነበረበት ሰው አለ?» ይላል። ልጁ እያወራኝ «የለም» ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ አለፈ።

እኔ እጄ ሽንኩርት ላይ ቀረ።

ታላቅ ወንድም ነበረን። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከማይታይ ሰው ጋር መነጋገር ጀመረ። ዛር ነው ተባለ፣ መተት ነው ተባለ። ጸበል ወሰዱት፤ ሁለት ዓመት እዚያ ነበር። ጸበሉን አልከስም፤ የታሰረበትን ገመድ ግን አልረሳም። ተመልሶ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ሰው ሲጠይቅ «ወባ ነው» እንላለን። እህቴ ልጇን ወደ እኔ ስትልክ አየር ማረፊያ ሆና በስልክ ያስማለችኝ ስለ ምግቡ ወይም ስለ ትምህርቱ አልነበረም፤ ስለ ወንድማችን አንድ ቃል እንዳልነግረው ነው። የሚያገባት ልጅ ወላጆች እንዳይሰሙ፣ እሱም ራሱን እንዳይጠራጠር ብላ። አሥራ አምስት ዓመት ቃሌን ጠበቅኩ።

ማታውኑ ለፋርማሲስቱ ደወልኩ። በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ያ ፍል የተኛውን ሊቀሰቅሰው ይችላል አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ልጁ ወደ ሥራ ሳይወጣ ቡና አፈላሁና ሁሉንም ነገርኩት። ከነገመዱ።

ምንም አላለም። ላፕቶፑን አውጥቶ «የለም» ያለውን አጥፍቶ «የእናቴ ወንድም» ብሎ ጻፈ። ሁለት ቀን ቆይተው መለሱ። እናመሰግንሃለን፣ አንተን መቀበል አንችልም፣ ለሌላ ቦታም ይህንኑ ሳትደብቅ ንገር ይላል። አንድ ሳንቲም ያልተቀበሉ ሰዎች ናቸው፤ ቢዋሻቸው ኖሮ ሦስት ሺህ ዶላር ያገኙ ነበር።

ፔሩ መቅረቱ ያን ያህል አላናደደውም። በእኔ ግን ተናዶ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ትሪ ያነሳል፣ ይሄዳል። እህቴ ደግሞ ስልኬን አታነሳም ነበር። አሁን ለሐዘን የሚያማክር ባለሙያ ጋ በየሳምንቱ ይሄዳል፤ ሐኪሙም የቤተሰቡን ነገር አውቆ መድኃኒቱን እንደገና አይቶለታል። እንቅልፉ አሁንም ሙሉ አይደለም።

ባለፈው ሰኞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ሽንኩርት እየላጠልኝ «አጎቴ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ። ረጅም ነበር፣ ክራር ይመታ ነበር፣ እንዳንተ ግራኝ ነበር አልኩት። ፎቶ አለሽ ወይ አለኝ። እኔ የለኝም፤ ያለው እናቱ ሳጥን ውስጥ ነው። እንድትልክለት በራሱ ደውሎ ጠይቋታል፣ እስካሁን አልላከችም።