መጀመሪያ የጠራ

መርካቶ ወርዶ ጫማ የገዛ ተማሪ ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ከዶርም ሲወጣ «ከ1,000 ብር አላልፍም» ብሎ ምሏል። ባለሱቁ 2,800 ይጠራል። «ኧረ ጋሼ፣ በእግዜር!» ይላል ተማሪ። «እሺ፣ አንተስ ስንት ትላለህ?» ይህን ጊዜ ያ የተማለበት 1,000 ከአፍ አልወጣ ይላል፤ ያሳፍራል፤ ስድብ ይመስላል። 1,600 ይባላል። ከዚያማ መጓተት ነው። ሄዶ መመለስ፣ «ለአንተ ብዬ ነው»፣ «በቃ የመጨረሻውን»... 2,000 ላይ ይዘጋል። ልጁ ደግሞ ማታ ዶርም ገብቶ «800 ብር አስቀነስኩ» ይላል። ከምን ላይ? ሰውየው ከገዛ አፉ ካወጣው ቁጥር ላይ!

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን ነገር በመርከብ መልሕቅ ነው የሰየሙት። ባሕር ሳናይ ላደግነው ለእኛ ግን ችካል ቢባል ይቀርበናል። ችካል ላይ የታሰረች በቅሎ ሜዳው ሁሉ የሷ ይመስላታል፤ የምትግጠው ግን ገመዷ እስከሚደርስ ድረስ ነው።

ነገሩን አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት እስራኤላውያን ‹ሳይንስ› በተባለው መጽሔት ላይ ጽፈውታል። ጽሑፉ የወጣው በሴፕቴምበር 27 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ መስከረም 17 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በ15ኛው ቀን መሆኑ ነው። (ያን ሰሞን ታላላቆቻችን ሌላ የሚያነቡት ነበራቸው።) ሙከራው ቀላል ነው። ከ0 እስከ 100 የተጻፈበት መንኮራኩር ተማሪዎች ፊት ይዞራል። ተንኮል አለበት፤ የሚቆመው 10 ላይ ወይም 65 ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ይጠየቃሉ፦ ከተባበሩት መንግሥታት አባሎች መካከል የአፍሪካ አገሮች በመቶኛ ከዚህ ቁጥር ይበልጣሉ ወይስ ያንሳሉ? በትክክል ስንት ይሆናሉ? 10 የወጣላቸው መካከለኛ ግምታቸው 25 ሆነ፤ 65 የወጣላቸው 45። እንዴ፣ መንኮራኩር ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? (ዛሬ ከ193ቱ አባሎች 54ቱ የእኛ አህጉር ናቸው፤ 28 በመቶ ገደማ።) ሰው ከተሰጠው ቁጥር ተነሥቶ ወደ እውነቱ ይራመዳል፤ ግን ቶሎ ይደክመዋል። «ይህስ ይሆናል» ያለበት ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ያልተማረ ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው እንዳይባል፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የጀርመን ጥናት አለ። ልምድ ያላቸው የሕግ ባለሙያዎች ከሱቅ ስለሰረቀች ሴት መዝገብ ያነባሉ፤ ዓቃቤ ሕጉ ስንት ወር እንደጠየቀ የሚወስኑት ዳይስ ጥለው ነው። ዳይሱም የተሠራበት ነበር። ትንሽ ቁጥር የወጣላቸው በአማካይ 5 ወር ገደማ ፈረዱ፤ ትልቅ የወጣላቸው 8 ወር ገደማ። ዳይሱን የጣሉት በገዛ እጃቸው ነው!

ከእኛ መሀል አንዱ በአንድ ኮርስ 41 አገኘና ወረቀቱ በሌላ መምህር እንዲታይለት አመለከተ። ወረቀቱ ለሁለተኛው መምህር ሲደርስ የመጀመሪያው ቀይ ቀለም በየገጹ እንዳለ ነበር፤ 41ም ሽፋኑ ላይ ተከብባለች። መምህሩ ቅን ሰው ናቸው፤ ሁለት ቀን አንብበው 43 አደረጉለት። ቀዩ ተሸፍኖ ቢሰጣቸው ኖሮ ስንት ይሰጡ ነበር? እኛ አናውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም። ልጁ ኮርሱን ደገመ፤ ከእኛም በዓመት ወደ ኋላ ቀረ።

ወደ መዋጮ እንምጣ፤ የልባችን ነገር እዚያ ነውና። አንዱ የዶርማችን ልጅ አባቱ ሞቱበት። ወረቀት ዞረ። እንዳጋጣሚ መጀመሪያ የጻፈው ልጅ 20 ብር ጻፈ። ቀጣዩ 20፣ ሌላው 20፣ 15፣ 20... 32 ሰው ጽፎ 610 ብር። ለመሳፈሪያም አልበቃ፤ ልጁ ተበድሮ ሲደርስ ሠልስቱ አልፎ ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ እናቷ የታመሙባት ልጅ ነበረች። ተጠሪያችን ወረቀቱን ይዞ ቀጥታ የሄደው እጁ የማይጨበጥ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ዘንድ ነው። ልጁ 300 ጻፈ። ከዚያ በኋላ 200፣ 150፣ 200፣ 100... ያው 32 ሰው፣ 5,200 ብር! «ይህን እኮ የዕድር ሽማግሌዎች ድሮ ነው የሚያውቁት» አለ ተጠሪው፤ «ገንዘብ ሲሰበሰብ ማን ቀድሞ እንደሚጽፍ ያስባሉ።» ልጅቷ በማግሥቱ ተሳፈረች፤ እናቷም ታከሙ።

ደስ ብሎን ሳንጨርስ ግን አንዱ ጓደኛችን እራት ሰዓት ላይ «አላማረኝም» እያለ መተኛት ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። ከካፌ ውጭ የሚመገብ ልጅ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙን ብናይ 150 ብር ጽፏል። ከላዩ ያለው 200 ነው፤ 20 ብር እንዴት ብሎ ይጻፍ?

በሦስተኛው ጊዜ ስም የማይጻፍበት ፖስታ ዞረ። 2,700 ብር ተገኘ። ባለ 10 ብርም፣ በጥንቃቄ የተጣጠፉ ባለ 200ዎችም ነበሩበት። እራት የዘለለ አልሰማንም፤ የጎደለውን ግን ተጠሪው ከየት እንደሞላው እስካሁን አልነገረንም። ከዚያ ወዲህ ዶርማችን ለሁለት ተከፍሎ ይሟገታል። ያች እናቷ የታመሙባት ልጅ በፖስታው ዘመን ቢሆን ኖሮስ? ይላል አንዱ ወገን። ሌላው ወገን ያንን የተኛ ልጅ ያነሣል።

ይህን ስንጽፍ አራተኛው መዋጮ መጥቷል። ተጠሪያችን በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው ፖስታ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ «የቱን ላዙር?» ይላል።