ዳማ ያረገዘች መስሎን ነበር

መጀመሪያ የነገረን የውሃ ሳህኗ ነበር። አልሰማነውም።

ዳማ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግቢያችንን ከቡችላነቷ ጀምራ የምትጠብቅ ውሻችን ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት ሳህኗን ሞልቼላት እወጣለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ደርቆ ይጠብቀኛል። ማታ እደግማለሁ፤ ሲነጋ ባዶ ነው። ሙቀቱ ነው አልን። ሆዷ እየተነፋ ሲመጣ ደግሞ ቤቱ በደስታ ተሞላ። የሰፈሩ ወንድ ውሾች በራችን ላይ ሲያድሩ ከሰነበቱ ወር ከምናምን ሆኗቸው ነበርና እማዬ «አርግዛለች፣ ምግቧን ጨምርላት» አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬማ አንዷን ቡችላ ከአሁኑ አስይዘው ነበር።

ከዚያ ምግብ አቆመች። አስመለሳት። አንድ ባለሙያ ቤት ድረስ ጠራን። ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ሆዷን ከላይ ዳሰስ አደረገና «ሆዷን በርዷት ነው» ብሎ መርፌ ወግቷት ሄደ። በእሱ ብቻ አልፈርድም። እኛም የጠራነው ለዚያ ነበር፤ ቶሎ ተወግታ ቶሎ እንድትነሳልን። በዚህ ሁለት ቀን አለፈ።

በሦስተኛው ቀን አቅፌ ክሊኒክ ወሰድኳት። ዶክተሯ ከመንካቷ በፊት ጠየቀችኝ፤ «ወንዶቹ የመጡት መቼ ነበር? ውሃስ ስንቴ ትሞላላታለህ?»

«ዶክተር፣ እርጉዝ ናት እኮ» አልኳት።

«ልትሆን ትችላለች። አይተን እንወቃ።»

እኔ የማውቀው ራጅ ነውና ራጅ እንዲነሳላት ጠየቅኩ። ታግሳ አስረዳችኝ። ራጅ አጥንትን ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ የቡችላ አጥንት ግን በራጅ የሚለየው እርግዝናው 45 ቀን ገደማ ሲሞላው ነው። ውሻ የምታረግዘው ደግሞ በጠቅላላው 63 ቀን ያህል ነው። ከዚያ በፊት የተነፋ ማህፀን በራጅ ቢታይም ውስጡ ያለው ቡችላ ይሁን ሌላ ነገር መለየት ይከብዳል። አልትራሳውንድ ግን ከ25ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ የቡችላውን ልብ ስትመታ ያሳያል።

የሆዷን ፀጉር ላጩት። በፀጉሩ መሃል የሚቀረው አየር የአልትራሳውንዱን ድምፅ አያሳልፍም፤ ጄሉም የሚቀባው ለዚሁ ነው። ጭንቅላቷን እኔ ያዝኩ። ጆሮዋ እንደ እሳት ይፋጃል። ስክሪኑን እያየሁ የምትመታ ልብ ፈለግኩ። ያየሁት ጥቁር ነገር ነው፤ እንደ ወፍራም ቱቦ የተጠማዘዘ፣ አንዱ ከአንዱ ጎን የተኛ ጥቁር። ዶክተሯ እጇን አቆመች። «ጥቁሩ ፈሳሽ ነው» አለችኝ። «ቡችላ የለም። ማህፀኗ መግል ይዟል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴት ውሻ ወንድ ከፈለገችበት ጊዜ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ብታረግዝም ባታረግዝም፣ ሆርሞኗ ማህፀኗን ለእርግዝና ያዘጋጀዋል። ግድግዳው ይወፍራል፣ ባክቴሪያም ይመቸዋል። ያልመከነች ውሻ ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ አደጋው ይጨምራል። የማህፀን በሯ ክፍት ከሆነ መግሉ ይወጣል፣ ባለቤቱም ያያል። የዳማ ተዘግቶ ነበር። አንዲት ጠብታ አላየንም። የባክቴሪያው መርዝ ኩላሊቷን ሽንት ማቆር ሲያሳጣው፣ ያለማቋረጥ እየሸናች ያለማቋረጥ ትጠጣ ነበር።

ማህፀኗ በኦፕራሲዮን መውጣት ነበረበት። ከዚያ በፊት ደም ሊወሰድላት ነው ሲባል ተከፋሁ፤ እውነቱን ልናገር። በሽታው ተገኝቶ የለ? ለምን ሌላ ወጪ? የዶክተሯ መልስ አጭር ነበር፤ «ስክሪኑ ምን እንዳለባት ነገረን። ማደንዘዣውን ትችል እንደሆነ የሚነግረን ደሟ ነው።» ነጭ የደም ሴሏ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የኩላሊቷም ቁጥር ጨምሯል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቢላ አልሄዱም። መጀመሪያ ግሉኮስ ተተከለላት፣ መድኃኒት ተጀመረላት፣ ከሰዓት በኋላ ኦፕራሲዮን ገባች።

ውጭ ቁጭ ብዬ ሳስብ የቆየሁት ስለ ሳህኗ ነው። ውሃ ማብዛት የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የኩላሊት ድካም ሊሆን ይችላል፣ ይሄም ሊሆን ይችላል። ሳህኑ በሦስቱም እኩል ይደርቃል። የሚለያቸው የደምና የሽንት ምርመራ፣ የሆድ ውስጥ ምስል ነው። ሰው «እዚህ ጋ ያመኛል» ይላል፤ ዳማ ግን መግል ተሸክማ ሌሊት በር ላይ ስትጮህ ነበር። እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ ደካማ መስሎ መታየት በዱር ያስበላዋልና።

አገራችን የከብት አገር ናት፣ የእንስሳት ሐኪሞቻችንም እጅ በላምና በበሬ የተፈተነ ነው። የላምን እርግዝና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው በመዳሰስ ብቻ ይነግሩሃል፤ ያንን ጥበብ አከብራለሁ። ውሻ ውስጥ ግን ያ እጅ አይገባም። አልትራሳውንዱ ለዳማ ቅንጦት አልነበረም። «ለውሻ ይሄን ሁሉ?» ያሉኝ ወዳጆች አሉ። ኑሮው እንዴት እንደከበደ አውቃለሁ፣ የሌለውን ሰው አልወቅስም። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቀኝ በሰላም ተኝቻለሁ።

የወጣውን ማህፀን በሳህን አድርገው አሳዩኝ። እንደ ቋሊማ ተወጥሮ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ዶክተሯ «ሊፈነዳ የቀረው ትንሽ ነበር» አለችኝ።

ዳማ በሁለተኛው ቀን ቤት ገባች። እማዬ ሾርባ ሠራችላት፣ እትዬም ስለ ቡችላው ምንም ሳይሉ ፎጣ ይዘው መጡ። ማታ ሳህኗን ሞላሁላት። ጠዋት ስነሳ ግማሹ ተርፏል።