ወደ አባቶቹ ዜማ የተመለሰው ሊቅ

ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ሰው የቤቱን ዋጋ አጥርቶ አያውቅም፤ ወጥቶ የቀረም ቤቱን ይረሳል። ወጥቶ የተመለሰ ግን ሁለቱንም ስላየ ምስክርነቱ የታመነ ነው። ለዚህም ነገር የአየርላንዱ የዜማ ሊቅ ሾን ኦ ሪያዳ ምሳሌ ይሆናል። ዘመኑ ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኦ ሪያዳ በ1931 በኮርክ ከተማ ተወለደ። በመጀመሪያ የሚጠራበት ስም እንደ እንግሊዝኛው አነጋገር ጆን ሪዲ ነበር። በኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሙዚቃን ተምሮ በ1952 ተመረቀ፤ በማግሥቱም ዓመት በአገሩ ራዲዮ ጣቢያ የሙዚቃ ክፍል ምክትል ኃላፊ ሆነ። ነገር ግን ልቡ በዚያ አልረጋምና በ1955 ሥራውን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ጥቂት ወራት ብቻ ቈይቶ ተመለሰና በደብሊን በአቤይ ቲያትር የሙዚቃ አዛዥ ሆነ። በዚያን ጊዜ የሚደርሰው ሁሉ፣ በ1957 ለባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈው «ኖሞስ ቍጥር 1» ጭምር፣ በአውሮፓ ሊቃውንት ስልት ነበር።

በ1959 ስለ አገሩ የነፃነት ትግል ለተሠራው «ሚሻ ኤራ» ለተባለው ፊልም ዜማ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ፤ ትርጓሜውም «እኔ አየርላንድ ነኝ» ማለት ነው። እርሱም የጥንቱን የሕዝብ ዘፈን ወስዶ በታላቅ የሙዚቃ ጓድ አሰማው። ሕዝቡም የአያቶቹን ዜማ በእንዲህ ያለ ክብር ሲሰማ እጅግ ደስ አለው፤ የደራሲውም ስም በአገሩ ሁሉ ታወቀ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ምስጋና ረክቶ በተቀመጠ ነበር። ኦ ሪያዳ ግን ዜማው የአገሩ ሲሆን ልብሱ የባዕድ መሆኑን ተመለከተ። የአየርላንድ ገጠር ዘፋኝ ያለ አጃቢ ብቻውን ይዘፍናል፤ ዜማውንም ከስንኝ ወደ ስንኝ ሲሻገር በልዩ ልዩ ጌጥ ይለዋውጠዋል እንጂ አንዱን ሁለት ጊዜ አይደግመውም። ይህን ያህል ረቂቅ ነገር ብዙ መሣሪያ ሲጫነው ይታፈናል። ስለዚህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገሩን ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ወናፍ ያለውን እምቢልታና የፍየል ቆዳ ከበሮ የሚጫወቱትን ሰብስቦ «ክዮልቶሪ ኹላን» የተባለውን ማኅበር አቆመ። በ1962ም በራዲዮ በተከታታይ ባስተማረው ትምህርት የአየርላንድ ዜማ በአውሮፓ የሙዚቃ ሕግ ሊመዘን እንደማይገባው አስረዳ።

ነገር ግን የተመለሰ ሰው ቤቱን እንደ ተወው አያገኘውም። የአየርላንድ ጥንታዊ በገና አውታሩ ከብረት የተሠራ ነበረ። በ1792 በቤልፋስት ከተማ የቀሩት ባለበገናዎች ሲጠሩ የመጡት የአየርላንድ ሰዎች ዐሥር ብቻ ነበሩ፤ ከነዚህም የሚበዙት ሸምግለው ነበር። ኤድዋርድ ቡንቲንግ የተባለ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ዜማቸውን በወረቀት ጻፈላቸው። ዜማው በወረቀት ተረፈ፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፈው የጣታቸው ጥበብ ግን ተቋረጠ። ኦ ሪያዳ የዚያን በገና ድምፅ ሲሻ፣ ይመስለዋል ብሎ ሃርፕሲኮርድ በሚባለው የአውሮፓ መሣሪያ ይጫወት ነበር። የአባቱን ድምፅ ለማሰማት የጎረቤት ዕቃ መዋስ ግድ ሆነበት።

ከዚህ በኋላ ዋና ከተማውን ለቅቆ ሕዝቡ የጥንቱን ቋንቋ በሚናገርበት በኩል ኤ መንደር ተቀመጠ፤ በኮርክም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። የተማረው ሊቅ በገበሬዎች መካከል ተቀምጦ ዘፈናቸውን ሰማ፤ ከመንደሩም ወንዶች የመዘምራን ጉባኤ አቋቋመ። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በየአገሩ ቋንቋ መቀደስን ከፈቀደች በኋላ በ1968 በአየርላንድ ቋንቋ የሚዜም የቅዳሴ ዜማ ደረሰላቸው።

ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። መጠጥ ጉበቱን ጎድቶት ነበርና በ1971 በለንደን ሐኪም ቤት በአርባ ዓመቱ ዐረፈ። ወደ አባቶቹ ዜማ መመለሱ ከሰውነት ድካም አላዳነውም። በአውሮፓ ስልት የጀመረውን ባለመፈጸሙም የሚያዝኑ አሉ፤ ኀዘናቸውም ከንቱ አይደለም፤ አንድ ሰው ሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ ሊሄድ አይችልምና።

ሆኖም ከማኅበሩ እምቢልታ ነፊው ፓዲ ሞሎኒ በ1962 «ቺፍቴንስ» የተባለውን ጓድ መሥርቶ ያን ዜማ በዓለም ሁሉ አሰማ። በኩል ኤም የመንደሩን መዘምራን ልጁ ፔደር ተረክቦ መራቸው። የቤልፋስቱ ወጣት ዜማውን በወረቀት አኖረ፤ ኦ ሪያዳ ግን በሰው አፍ አኖረው። ወረቀት ዜማን ከመጥፋት ያድነዋል፤ ሕይወት የሚሰጠው ግን ተቀብሎ የሚያዜመው ልጅ ነው።