ከመሳቢያው ጀርባ

መኪና ያላቸው ወዳጆቼ ዘይት የሚቀይሩበትን ኪሎ ሜትር ከጋብቻቸው ቀን አስበልጠው ያስታውሳሉ። ስለ ጎማ፣ ስለ ባትሪ፣ ስለ ፍሬን ሸራ ወሬ ከተነሣ ሁሉም መምህር ነው። «የኤሲ ፊልትሮህን መቼ ቀየርከው?» ሲባሉ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አንዱ ወዳጄ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ፊልትሮውን አሳየኝ። ንጹሕ ነው፤ በየሰርቪሱ ያስቀይረዋል። እሱ ግን የሞተሩ ነው። እኔ የጠየቅሁት የሰውየውን ነበር።

ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር የሚያጣራው ፊልትሮ በክብር ይያዛል፤ ሞተር ሲነክስ ስንት እንደሚያስወጣ ማን ያጣዋል? ሾፌሩና ቤተሰቡ የሚተነፍሱትን የሚያጣራው ግን፣ በአብዛኞቹ መኪኖች፣ ከዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ ጨለማ ውስጥ ተሰክቶ ይኖራል። መኪናዋ ስትሸጥ ሻጩም አያስረክበው፣ ገዢውም አይረከበው። አምራቾቹ እንደየመኪናው በ15 ሺህ ወይም በ30 ሺህ ኪሎ ሜትር ቀይሩት፣ አቧራ በበዛበት አገር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይላሉ። ይህን የሚለው መጽሐፍ የሚቀመጠው እዚያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከፊልትሮው አንድ ስንዝር ርቆ ነው። ያነበበው ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የእኔዋ ቶዮታ ያሪስ ቤልጅየም አገልግላ በጅቡቲ በኩል የገባች ናት። ክረምት በገባ ቁጥር መስታወቷ ጉም ይለብሳል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ነፋሱ ግን አይደርስም፤ የሚደርሰው የሻገተ ሽታ ብቻ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ጋዝ ጨርሳለች» ተባልኩ። ጋዝ ተሞላ፣ ሒሳብ ተከፈለ፤ ሽታው ከዚያ በኋላ ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣ ጀመር።

መድኃኒቱ የተገኘው ከሰፈራችን ጎሚስታ ደጃፍ ነው። ጎማ ሳስነፋ እዚያው አጠገብ የሚሠራ አንድ ወጣት መካኒክ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ «ጋሼ፣ ፊልትሮውን አይተውት ያውቃሉ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ መሳቢያውን ባዶ እንዳደርግ አዘዘኝ። ሊብሬው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ወረቀት፣ የደረቀ እስክሪብቶና ባለቤቱ ያልታወቀ አንድ የጆሮ ጌጥ ወጡ (የጆሮ ጌጡን ባለቤቴ «የእኔ ነው» ብላለች፤ ጉዳዩ ተዘግቷል)። ልጁ የመሳቢያውን ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ጨመቅ አድርጎ፣ በጎን የያዘችውን ትንሽ ማቀፊያ አላቀቀና ወደ ታች ለቀቀው። ከጀርባው ጠባብ የፕላስቲክ ክዳን ታየ። ጆሮዎቹን ተጭኖ ሳበው። ብሎን አልተፈታም፣ መፍቻም አልተነሣም። ጋዝ ለመሙላት ከጠበቅሁት ሰዓት ጋር ሳስተያየው ተናደድኩ።

የወጣውን ነገር ልንገራችሁ። ድሮ ነጭ የነበረ፣ ደርዝ በደርዝ የታጠፈ ስስ ነገር ነው። በላይኛው ወገን በእጥፋቶቹ መካከል የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የጠወለገ የጃካራንዳ አበባ፣ አንድ የእርግብ ላባና ከመጀመሪያው ዝናብ ማግሥት የሚረግፈው የምስጥ ክንፍ በብዛት ተደርድሯል። ከዚያ ሥር አቧራው፣ ከአቧራው ሥር ጥላሸቱ። ቅጠሉንና ላባውን ልጁ በጣቱ ጠረገው፤ ጥላሸቱ ግን ከጨርቁ ጋር ተዋህዷል። ገልብጬ በታችኛው ወገን ሳየው ገና ነጣ ያለ ነው። ያ ሁሉ ጥቁረት እዚያ ላይ የቀረው ወደ እኛ ሳንባ ሲጓዝ ነው። አየሩ የሚገባው ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት መሳይ ክፍት ስለሆነ ዛፍ ሥር የምታድር መኪና ከሰማይ የሚወርደውን ሁሉ ትሰበስባለች። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይሻግታል።

ልጁ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሊሮጥ ሲል ያዝኩት። ፊልትሮ አስነፍቶ መመለስ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ቅጠሉም ይበራል፣ ሕሊናም ያርፋል። ጥቅም ግን የለውም። ብዙ ሰው ፊልትሮን እንደ ወንፊት ያስበዋል፤ ከቀዳዳው የሰፋው ይቀራል፣ የጠበበው ያልፋል ብሎ። አይደለም። ትልልቁ ብናኝ በፍጥነቱ መታጠፍ እያቃተው ከቃጫው ጋር ይጋጫል። እጅግ ደቃቁ ደግሞ በአየሩ ሞለኪውሎች እየተገፋ ወዲያ ወዲህ ሲንገዋለል መጨረሻው ቃጫው ላይ ይሆናል። በጣም የሚያስቸግረው መካከለኛው፣ ወደ 0.3 ማይክሮን የሚጠጋው ነው፤ ለመጋጨት ያንሳል፣ ለመንገዋለል ይገዝፋል። እሱን ለመያዝ ብዙዎቹ ፊልትሮዎች ቃጫቸው ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ይደረግበታል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ያንን ሙል መልሶ አይሞላውም፤ ይልቁንም ቃጫውን ይቀድደዋል።

ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ግራጫ። ጥቁሩ ይወደዳል።

«ለምን ተወደደ?»

«ከሰል አለበታ፣ ጋሼ! ሽታ ይይዛል።»

ከሰል ከመኪና ምን አገናኘው? ቤት ገብቼ ስቆፍር ያገኘሁት የዘር ሐረግ ከቶዮታ እጅግ ይርቃል።

ከሁሉ የቀደመው የሮማው ጸሐፊ ሽማግሌው ፕሊኒ የመዘገበው ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሲናባር የሚባለውን መርዛም ቀይ ማዕድን የሚፈጩ ሠራተኞች ዱቄቱን እንዳይምጉ ፊታቸው ላይ ፊኛ ያስሩ ነበር። አዎ፣ ያችኑ የሽንት ፊኛ። የዛሬው የቅንጦት መኪና ፊልትሮ ቅድመ አያት ይህች ናት፤ የለበሳትም ባለ ሠረገላው ሳይሆን አቧራው ውስጥ የሚሠራው ሰው ነው።

ከሰሉ የገባው በ1854 ነው (እዚህና ከታች፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ የፈረንጅ ዘመን ነው)። ጆን ስቴንሃውስ የተባለ የስኮትላንድ ኬሚስት የከሰል ዱቄት በሽቦ መረብ መካከል አድርጎ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሠራ። የከሰል ምሥጢር ቀዳዳው ነው፤ በተለየ መንገድ የተዘጋጀ አንድ ግራም ከሰል በውስጡ 1,000 ካሬ ሜትርና ከዚያም በላይ ገጽ አለው። በአዲስ አበባ ያለ ሊዝ፣ ያለ ካርታ 1,000 ካሬ የሚገኘው እዚያ ውስጥ ብቻ ይመስለኛል። ሽታና ጋዝ እዚያ ሰፊ ቦታ ላይ ይለጠፋል፤ ቦታው ሲሞላ ይበቃዋል።

በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ የክሎሪን ጋዝ ሲለቁ የስቴንሃውስ ሐሳብ አስቸኳይ ሆነ። በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ኒኮላይ ዜሊንስኪ የከሰል ጭምብሉን ሠራ፤ የአውሮፓ ወታደር ሁሉ ከሰል ፊቱ ላይ አንጠልጥሎ መዋጋት ጀመረ። የእኛ አባቶች በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ሲረጩባቸው ግን ጭምብል ብርቅ ነበር። ቢኖርም ኖሮ የሰናፍጭ ጋዝ በቆዳ የሚገባ ስለሆነ ባዶ እግሩን በተረጨ ሣር ላይ ለሚሄድ ዘማች የሚያደርግለት ነገር ጥቂት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ ወር ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም ያስረዱት ይህንኑ ነበር። ሶማሌ ተራ ላይ በጥቁር ግራጫው ፊልትሮ ዋጋ ስከራከር ይህን አላሰብኩም፤ አሁን ግን ሽታ መያዣ ብቻ ብዬ ልጠራው አልችልም።

ወደ መኪናው ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ጣሪያም አልነበራቸው። ፊልትሮው ተሳፋሪው ራሱ ነበር፤ መነጽርና የአቧራ ካፖርት ለብሶ፣ ሴቷም ባርኔጣዋን በዓይነ ርግብ አስራ ትጓዛለች። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት መኪና አዲስ አበባ የደረሰችው እንዲህ ያለ ዘመን ላይ ነው። በኋላ ጣሪያና መስታወት መጣ፤ አቧራው ውጭ ሲቀር ሰውየው ከራሱ ትንፋሽ ጋር ውስጥ ተዘጋ።

ያንን የፈታው የአሜሪካው መኪና ሠሪ ናሽ ነው። ናሽ በ1937 ከማቀዝቀዣ ሠሪው ኬልቪኔተር ጋር ተዋህዶ ነበር፤ የፍሪጅ ሰዎች ስለ አየር ያስባሉ። በ1938 ከውጭ ንጹሕ አየር ስቦ፣ አጣርቶ፣ በሞተሩ ሙቅ ውኃ አሙቆ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሥርዓት አወጡ። በዓመቱ ሙቀት መቆጣጠሪያ ጨመሩበትና «የአየር ጠባይ ዓይን» አሉት። ሌላው መኪና ሠሪ ፓካርድ ለ1940 ሞዴሉ ኤሲ ገጠመ፤ ለማጥፋት ግን ሞተር አቁሞ፣ ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ነበረብህ። ፓካርድ እንዲህ ያለውን ኤሲ ሲያስታውቅ ናሽ በጸጥታ አየር ያጣራ ነበር፤ ታሪክ ግን የሚያወራው ስለ ኤሲው ነው።

ጨርቁ ራሱ ከቆዳ ፋብሪካ ነው የመጣው። ጀርመን ውስጥ ቫይንሃይም ከተማ ያለው ፍሮይደንበርግ በ1849 ቆዳ አልፊ ሆኖ ነው የተመሠረተው። በ1930ዎቹ ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲሞክሩ ከጀርባው የሚሆን፣ ሸማኔ ያልነካው፣ ቃጫው እርስ በርሱ ተጣብቆ የተነጠፈ ጨርቅ ሠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያው ነገር የወጥ ቤት መወልወያ ሆነ። ዛሬ ኩባንያው የመኪና ፊልትሮ ከሚሠሩት ታላላቆች አንዱ ነው። ያሪስ ውስጥ የተሰካው፣ ሐረጉ ቢቆጠር፣ የወጥ ቤት ጨርቅ የወንድም ልጅ መሆኑ ነው።

በ2015 ቴስላ ከሞዴል ኤክስ ጋር ግዙፍ ፊልትሮ አቅርቦ «ከሥነ ሕይወታዊ መሣሪያ መከላከያ» የሚል ቁልፍ ገጠመለት። ለእኛ ቃሊቲ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ሲኬድ የሚሆን ቁልፍ ቢኖር ይሻለን ነበር። እስከዚያው ያለን የውስጡን አየር የምታዞረው ቁልፍ ናት፤ ጭስ ሲመጣ ጥሩ ናት፣ ረስተዋት ሩቅ ከሄዱ ግን የትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ታንጎላጅጃለች።

አንድ ነገር ግን ከጉሮሮዬ አልወርድ ብሎኛል። ፊልትሮዬ ላይ ያለው ጥላሸት የማን ነው? ከፊቴ የሚሄደው ሰው ነው። የእኔ ደግሞ ከኋላዬ ያለው ሰው ፊልትሮ ላይ አለ። እርስ በርሳችን እየተጨሳጨስን እያንዳንዳችን በየመሳቢያችን እናጣራለን። ታክሲ ተሰልፋ የምትጠብቀው ሴት ግን መሳቢያ የላትም፤ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ትይዛለች። ከፕሊኒ ዘመን ወዲህ ነገሩ የተገላበጠው እዚህ ላይ ነው፤ ፊኛዋ ከሠራተኛው ፊት ተነሥታ ወደ ባለ ሠረገላው ሄዳለች።

ጥቁር ግራጫውን ገዛሁ። ጫፉ ላይ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለው፤ ወጣቱ መካኒክ ገልብጦ ሊከተው ሲል አሳየሁትና አስተካከለው። ሽታው ጠፋ፣ ማራገቢያውም ጩኸቱን ተወ። ኩራቴ ግን ብዙም አልቆየ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የእህቴ ልጅ ከቻይና የመጣች የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ስክሪኗ ላይ የውጭውንና የውስጡን አየር ብናኝ በቁጥር ታሳያለች፤ ልጁም እንደ እግር ኳስ ውጤት ይከታተላታል። ባለፈው ለልቅሶ ደብረ ዘይት ስንሄድ እሱ ከፊት፣ እኔ በያሪሴ ከኋላ ሆንን። መብራት ላይ ጎን ለጎን ስንቆም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

«ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ ራቅ ብለህ ተከተለኝ፤ ቁጥሬን እያበላሸህብኝ ነው» አለኝ።