ከሰው መካከል ተሰውረው የሚኖሩት፤ ከጎጀብ እስከ ቴፒ

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚዘልቀውን መንገድ ገና ያልሄዳችሁበት አንባቢዎች ሆይ፥ አንድ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት ወደዚያ ቢልካችሁ አትዘኑ። «አገሩ ሩቅ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤ ጭቃው ያስመርራል» የሚሏችሁ ብዙዎች ናቸው። አልዋሹም። ከአዲስ አበባ እስከ ሚዛን ተፈሪ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዝናቡም ከዓመቱ ወራት አብዛኛውን አይለቅም። ነገር ግን ጫካውን ያቆመው ያ ዝናብ ነው፤ ቡናውን ያሳደገው ያ ጫካ ነው፤ ሰውን ከምድጃ ዙሪያ ሰብስቦ ተረት የሚያስጀምረውም ያ ቡና ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ መንገዱና ስለ ተረቱ፥ ይኸውም በዚያ አገር ከሰው መካከል ተሰውረው ይኖራሉ ስለሚባሉት ፍጥረቶች ነው።

መኪናው የጎጀብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ወደ ከፋ ተራሮች መውጣት ይጀምራል። ጎጀብ ዛሬ በድልድይ የሚታለፍ ወንዝ ነው፤ ጥንት ግን የከፋ መንግሥት አጥር ነበረ። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ እስኪያዙ ድረስ በመንግሥቱ በሮች ላይ ዘበኛ ነበረ። ይህን የበር ዘበኛ ነገር አትርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ። ቦንጋን አልፋችሁ የውሽውሽን የሻይ ተክል ታያላችሁ፤ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተስተካከለ ይመስላል። ከዚያ ሺሺንዳን አልፎ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ እንሰትና ሙዝ ይበዛል፤ ዋንዛውና ብሳናው ከላይ ጥላ ሆኖ ከሥሩ ቡናው ይታያል። ሚዛን ተፈሪ ስትደርሱ ከጎረቤቷ ከአማን ጋር ተያይዛ አንድ ከተማ ሆና ታገኟታላችሁ። ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ የበበቃ የቡና እርሻ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ይዞ ተዘርግቷል። ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ቴፒ ይደረሳል፤ በዚያም ከቡናው ጋር ኮረሪማው፥ እርዱና ቁንዶ በርበሬው ይሸታል።

በዚህ አገር ቤንች፥ ሸኮ፥ ከፋ፥ ሸካ፥ መዠንግርና ሜኢኒት አሉ። የቡና ለቀማ ደግሞ ከሩቅ ሠራተኛ ይጠራል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ብዙ ቤተ ሰብ ወደ ከፋና ወደ ኢሉባቦር እንዲሰፍር ተደርጓል። ሰው ሲሰደድ ንብረቱን ትቶ ይሆናል፤ ተረቱን ግን አይተውም። ስለዚህ በሚዛን ወይም በቴፒ አንድ ማታ ጨሞ፥ ማለት ከቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላውን መጠጥ፥ ፉት እያላችሁ ብትቀመጡ፥ የጎንደርን ተረት ከከፋ ተረት ጋር በአንድ ምድጃ ዳር ትሰማላችሁ።

ከሰሜን የመጣው አንዱ ተረት የዛር ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወለደች ይባላል። እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ መልከ መልካሞቹን አሥራ አምስቱን ዓይን እንዳይበላብኝ ብላ ደበቀቻቸው። እርሱም ነገሩን ዐውቆ «የተደበቁት እንደ ተደበቁ ይኑሩ» ብሎ ፈረደ። እንግዲህ እኛ ከሚታዩት ወገን ነን፤ ዛሮቹም የማይታዩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ሚሼል ሌሪስ የሚባለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ወራት ተቀምጦ የዛርን ነገር ተመልክቷል፤ በኋላም መጽሐፍ ጽፎበታል። ልብ በሉ፤ በዚህ ተረት የተሰወረው ፍጥረት የሥጋ ዘመድ ነው። ይቀናል፥ ሽቶና ቡና ይፈልጋል፥ ይቈጣል፤ ነገር ግን ከቤተ ሰቡ አይወጣም።

የከፋና የሸካ ሰዎች ደግሞ የተሰወረውን በጫካው ውስጥ ያኖሩታል። በከፋ ኤቆ የሚባለው መንፈስ አላሞ በሚባለው ሰው ላይ አድሮ ይናገራል፤ ሰዎችም ችግራቸውን ይዘው ይሄዱለታል። በሸካ ጉዶ እየተባለ የሚጠበቅ ደን አለ፤ ዛፉ አይቈረጥም፤ ያለ ባላባቱ ፈቃድ ማንም አይነካውም። ዘመናዊው ትምህርት ይህን ሲሰማ መሳቅ ይቀናዋል። ይሁን እንጂ አሳቡን ከፍሬው እንመዝነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፥ የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ሲመዘገቡ፥ ለመመዝገብ የሚበቃ ደን የተገኘው ያ አሮጌ ፍርሃት ከብዙ መጥረቢያ ስላዳነው ጭምር ነው።

ሦስተኛው ተረት ግን እንደ ሁለቱ አይደለም። እርሱም የቡዳ ተረት ነው። ቡዳ በቀን እንደ ማንኛችንም ሰው ነው፤ ገበያ ይወጣል፥ ልጅ ያሳድጋል፥ ሰላምታ ይሰጣል። ሲመሽ ግን በአመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑም ሰው ይበላል ይባላል። የዛሬ ወጣቶች ይህን የመሰለ ነገር በፊልም ያውቁታል። ፈረንጆች ወደ ተኵላ ስለሚለወጥ ሰው ብዙ ጽፈዋል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. መታተም በጀመረው የሃሪ ፖተር መጽሐፍም አስማተኞች ከተራው ሰው መካከል ተሸሽገው ይኖራሉ። የዚያ መጽሐፍ አስማተኛ ግን ማንም አጠገብ አይኖርም፤ መጽሐፉ ሲዘጋ እርሱም ያበቃል። ቡዳ የተባለው ሰው ግን የቤት ቁጥር አለው።

ለምን በጅብ ተመሰለ? ጅብ በእውነትም የሚያደናግር አውሬ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው ዥንጕርጕሩ ጅብ ነው። ሴቲቱ ከወንዱ ትተልቃለች፤ መንጋውንም የምትመራው እርሷ ናት፤ ብልቷ ደግሞ የወንድ ስለሚመስል የጥንት ሰዎች ጅብ ጾታውን ይለውጣል ብለው ነበር። አርስጣጣሊስ ይህ ሐሰት መሆኑን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጽፏል። ድምፁ ሳቅ ይመስላል፤ አጥንት ቈርጥሞ ይውጣል፤ ሌሊት መብራት ሲያርፍበት ዓይኑ ያበራል። ከሰው መንደር የማይርቀውም ምግቡ ከእኛ ዘንድ ስለ ሆነ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፥ በዐቢይ ጾም ወራት የሥጋ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች አህያ መብላት እንደሚያበዙ ታይቷል። የሰውን ጾም ጅቡ በሆዱ ያውቀዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጎረቤት «ሰው ይሆን?» ብሎ መጠርጠር አያስገርምም።

ነገር ግን ሲለወጥ ያየው ማን ነው? በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው የናትናኤል ፒርስ መጽሐፍ ውስጥ፥ በትግራይ ይኖር የነበረ ኮፊን የተባለ እንግሊዛዊ ስለ አንድ አሽከሩ የተናገረው ወግ አለ። አሽከሩ ፈቃድ ጠይቆ ሄደ፤ ወዲያው ሌሎቹ «እነሆ፥ ጅብ ሆነ!» ብለው ጮኹ፤ ኮፊን ዞር ሲል ሰውየው የለም፤ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ጅብ በሜዳ ይሮጣል። ወጉ ያስደነግጣል፤ ሆኖም ኮፊን ራሱ ሰውየው ሲለወጥ አላየም። እኔም ተማሪዎቼን በጠየቅኋቸው ጊዜ ሁሉም «አጎቴ አይቷል»፥ «የእናቴ ጎረቤት አይታለች» አሉኝ። «እኔ በዓይኔ አየሁ» ያለኝ አንድም አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ሥር እንግባ። ቡዳ ነው የሚባለው ማን ነው? በሰሜኑ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው። እነዚህ በጥንቱ ሥርዓት ብዙውን ጊዜ ርስት አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ይኖሩ ነበር። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ አያርስም፤ እመቤቲቱ ያለ እነርሱ ምጣድ እንጀራ አትጋግርም። የሚፈለግን ሰው ማራቅ ምክንያት ይሻል፤ ተረቱ ያን ምክንያት ሰጠ። በከፋና በሸካ ደግሞ ስሙ ከሁሉ ይልቅ የተለጠፈው በማንጆ ሰዎች ላይ ነው። ማንጆዎች የጫካ ሰዎች፥ አዳኞች ነበሩ፤ ማርና ማገዶ የሚያቀርቡም እነርሱ ናቸው። ቅድም ያስታወስኋችሁን የከፋ መንግሥት በሮች የጠበቁትም እነርሱ ነበሩ። ጉሬዛ፥ ከርከሮና ጃርት ይበላሉ ተብለው ተናቁ፤ ከሌላው ቤት እንዳይገቡ፥ በአንድ ዕቃ እንዳይበሉ፥ በጋብቻ እንዳይገናኙ ተደረገ። አገሩን ከጠላት የጠበቀው ሰው ከአገሩ ማዕድ ራቀ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር። በማስተምርበት አካባቢ በአንድ ክፍል፥ በአግዳሚው ላይ ሦስት ተማሪ በሚቀመጥበት ጊዜ አንድ ልጅ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ልጁ ጐበዝ ነው፤ በሒሳብ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቷል። ጓደኞቹን ለብቻ ጠርቼ ምክንያቱን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፥ እኛ አንጠላውም» አለኝ አንዱ። «እናቴ ግን ከእርሱ ጋር አንድ ደብተር እንዳትይዝ ብላኛለች።»

«ለምን?»

«ዓይናቸው… ያውቁት የለ እንዴ ጋሼ?»

ልጁ ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። እናቱ የነገረችውን ነው የደገመው፤ እርሷም ከእናቷ የሰማችውን። በሌላ ቀን ገበያ ወጥቼ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጀበና ስገዛ፥ ዕቃውን በእጄ መስጠት ትታ መሬት ላይ አኖረችው።

«እማማ፥ በእጄ ይስጡኝ እንጂ» አልኋት።

«ልማዳችን ነው፥ ልጄ። ያስቀየምሁህ እንደ ሆነ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

አንባቢዎች ሆይ፥ እንግዳ ሲመጣ በአቦል በቶና በበረካ የምናከብርበት ያ ጀበና የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነ አስቡት።

ከንቀቱ የባሰም ጕዳት አለ። ልጅ ታሞ ትኵሳቱ ሲያይልና ሲቃዥ «ተበላ» ይባላል፤ ያጥኑታል፤ «ማን በላህ?» እያሉ እስኪለፈልፍ ያስጨንቁታል። የሚቃዥ ልጅ ደግሞ ከአፉ የሚወጣው ዘወትር የሚሰማው ስም ነው። ይህ አገር ወባ ያለበት አገር ነው። ወባ አንጎል ላይ ሲወጣ ሰውን ያቃዣል፥ ራሱንም ያስታል፤ ፈጥኖ ካልታከመም ይገድላል። ሐኪሞች ትኵሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ይጀመር የሚሉት ስለዚህ ነው። የቡዳን ስም ለማግኘት የሚጠፋው ሌሊት ልጁን ለማዳን የተሰጠው ሌሊት ነው። በዚህ መንገድ አንድ ተረት ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ታማሚው ልጅ ሕክምና ያጣል፥ ስሙ የተጠራው ጎረቤትም ሰላሙን ያጣል።

ሕጉ በዚህ ነገር ዝም አላለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲቋቋም በዚሁ ሕግ ሥር ነው። አዋጁ ግን ከክፍል አግዳሚና ከቡና ስኒ ዘንድ ብቻውን አይደርስም፤ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልገዋል።

ተረቱ ይጥፋ አልልም። የሔዋን ስውር ልጆች በማታ ይነገሩ፤ የጉዶ ደንም በመፈራቱ ይቁም፤ ጅቡም በተረት ውስጥ ባላወቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይበል። መለየት የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ተረቱ ዛፍ ላይ ሲያርፍ ዛፉን ያቆማል፤ ዘመድ ላይ ሲያርፍ ዘመዱን ያስታውሳል፤ ስም ባለው ጎረቤት ላይ ሲለጠፍ ግን ፍርድ ይሆናል፤ ያውም ተከሳሹ መልስ የማይሰጥበት ፍርድ።

እናንተም በጸሐፊነት፥ በመምህርነት ወይም በጤና ሥራ ወደ ሚዛን ወይም ወደ ቴፒ የምትመደቡ ወጣቶች፥ ትልቅ ንግግር ማድረግ አይጠበቅባችሁም። የታመመ ልጅ ስታዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በሹክሹክታ የተነገራችሁን ስም ለሌላ አታሻግሩ። ከገበያ ጀበና ስትገዙ ከሴትዮዋ እጅ ተቀበሉ። እኔ በክፍሌ የመቀመጫውን ተራ በየወሩ እንዲለዋወጥ አድርጌዋለሁ፤ ያ ልጅ ዛሬ ሦስተኛ ሆኖ በመካከል ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጎረቤቱ ደብተሩን በክንዱ ከልሎ ይጽፍ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት የሒሳብ ጥያቄ ሲከብደው ክንዱን አነሣና ደብተሩን ወደ እርሱ ገፋለት።