ቅባቱ ለማን ነው?

በአቀስታ ገበያ ቫዝሊን የሚገዛው ማን እንደሆነ ቆም ብሎ ላስተዋለ ሰው የአገሩ አስተሳሰብ ግማሹ ይገለጥለታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልትዳር የተቃረበች ልጅ ትገዛለች። አራስ የያዘች እናት ትገዛለች። ከተማ ደርሶ የተመለሰ ጎረምሳም ፊቱን ሊያወዛ ሲል ትንሿን ቆርቆሮ ሰው ሳያየው ወደ ኪሱ ይሰዳታል። ገብሱን አጭዶ፣ ጭቃውን ረግጦ የመጣው ገበሬ ግን «ለእግሬ ቅባት ስጠኝ» ሲል አልሰማሁም። ቢልም ይሳቅበታል፤ «እግር ደግሞ ምን ሊያምርበት!» ይባላል።

ለመሆኑ ቅባት የጌጥ ዕቃ ነው ያለን ማነው? ይህ ቫዝሊን የሚሉት ነገር እኮ አወላለዱ ከሙሽራ ቤት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 ሮበርት ቸስብሮ የተባለ ወጣት ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ ፔንሲልቬንያ ወደሚገኝ የነዳጅ ጉድጓድ ሄዶ፣ ሠራተኞቹ በመሣሪያው ላይ የሚጋገረውን ዝቃጭ እየፋቁ የተቆረጠና የተቃጠለ እጃቸውን ሲቀቡበት አየ። እሱን አጥርቶ በ1872 የባለቤትነት ፈቃድ አወጣበት። እንግዲህ ከመነሻው የወዛደር ቅባት ነበር ማለት ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው። የቆዳችን የላይኛው ስስ ንብርብር እንደ ደጋው የድንጋይ ቤት ነው፤ የሞቱት ሕዋሳት ድንጋዮቹ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ደግሞ ምርጊቱ። የደጋ ብርድና ነፋስ፣ አመድና ሳሙና ምርጊቱን ሲያጥቡት ውስጥ ያለው ውሃ ይተናል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። የተረከዝ ንቃቃት የምንለው ይኸው ነው። ቫዝሊን በቆዳ ላይ ውሃ አይጨምርም፤ ያለው እንዳይወጣ የሚከድን የእንስራ ክዳን ነው። ስለዚህ ደርቆ በተሰነጠቀ እግር ላይ ዝም ብሎ መለቅለቅ ባዶ እንስራ እንደ መክደን ይሆናል። መጀመሪያ መታጠብ፣ ጥቂት እርጥበቱ ሳይለቅ መቀባት ነው ወጉ።

የእኛ ሰው ቅባትን ከቸስብሮ አልተማረም፣ ይኼ የታወቀ ነው። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ይደረጋል፣ ሙሽራም ሕፃንም ይቀባል። ቅቤ ግን ውሃና የወተት ርዝራዥ ስላለው ይቆመጥጣል፤ ዝንብም ይወደዋል። ደግሞስ ዛሬ በቅቤ ዋጋ ማን እግሩን ይቀባል? ለወጡም አልተገኘ!

ይህን ሁሉ የማወራው ያለ ነገር አይደለም። ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ሲወረድ፣ ወይና ደጋው ላይ፣ ቀይ አፈር ባለበት ቀበሌ የምትኖር አክስት አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ያረሰው ባሏ ብቻ አይደለም፤ እሷም አርማለች፣ ጎልጉላለች፣ ያውም በባዶ እግሯ። እግሮቿ ካበጡ ቆዩ። ሲነሳባት ያንቀጠቅጣታል፣ ታተኩሳለች፣ ቀናት ትተኛለች። ቀሚሷን መሬት እስኪጠርግ አስረዝማ ትለብሳለች፤ ሠርግ ከተጠራችም ከጓዳ አትወጣም። ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው ሌላ ነው። ልጇን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቡና ጠጥተው፣ መርቀው ሄዱና በዚያው ቀሩ። ኋላ እንደሰማነው «በዘር ያለ ነው» ብለዋል።

ዘር ነው ወይ? ጥያቄው መልስ አለው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ይህ ዝሆኔ ከትል እንደማይመጣ፣ ከእሳተ ገሞራ አለት የተገኘው ቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ የሚያመጣው መሆኑን አስረዳ። ስሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ በግሪክኛ እግርና አቧራ ማለት ነው። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ለበሽታው ተጋላጭ የሚያደርግ የዘር ምልክት መኖሩን አሳዩ። ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሌላው ግማሽ አፈሩ ነው፤ ጫማ ያደረገና ቆዳው ያልተሰነጠቀ ሰው የማንም ዘር ቢሆን አፈሩ አያገኘውም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በረባሶ ከእሾህ ያድናል እንጂ ከአፈር አያድንም።

ላበጠውስ? ከዓባይ ማዶ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ውጤቱ በ2018 ወጣ። የተሰጣቸው የተራቀቀ መድኃኒት አልነበረም፤ እግርን መታጠብ፣ ቅባት፣ መጠቅለያ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ተራቸውን በሚጠብቁት ላይ በአንድ ሰው በዓመት 23.9 ጊዜ የተነሳው ሕመም እንክብካቤውን ባገኙት ላይ 19.4 ጊዜ ሆነ። ይቺ ምን አላት የሚል አይጠፋም። በዓመት አራቴ ከአልጋ መትረፍ፣ ያውም በአጨዳ ወራት፣ ምን እንደሆነ አክስቴን ይጠይቅ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በ2017 የታተመው ሌላ ሙከራ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ 193 ሕመምተኞችን ይዘው፣ ግማሾቹን በስድስት ሊትር ውሃ፣ ግማሾቹን በአንድ ሊትር ውሃ ከመቶ ሁለት እጅ ግሊሰሪን ጨምረው እግራቸውን አስነከሯቸው። ከሦስት ወር በኋላ የባለ አንድ ሊትሮቹ ቆዳ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። አምስት ሊትር ውሃ ተረፈ ማለት እኮ ነው! ይህን የሚያነብ የከተማ ልጅ ላይደነቅ ይችላል፤ ውሃ በጀርባዋ የምታመላልስ ሴት ግን ይገባታል። ግሊሰሪኑ ለአንድ ሊትር አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከተማ ውስጥ ፊት ለማንጣት እየተባለ የሚሸጠው ክሬም አንዳንዱ ስቴሮይድ አለበት፤ ስቴሮይድ ሲደጋገም ቆዳን ያሳሳል። ቆዳ የሚያሳሳውን በውድ እንገዛለን፣ ቆዳ የሚጠብቀውን ደግሞ ለእግር ነው ብለን እናፍራለን። አቤት እኛ!

ለዕረፍት ስወርድ ሳሙና፣ ግሊሰሪን፣ ቫዝሊንና ሁለት ጥንድ ካልሲ ይዤ ሄድኩ። አክስቴ አንድ ሊትር ስላት አላመነችም፤ «በዚች ጣሳ? ወላሂ ትቀልዳለህ» አለች። ነከረች። በጣቶቿ መካከል እርጥበት እንዳይቀር በነጠላዋ ጫፍ አንድ በአንድ አደረቅን፣ ቅባቱንም ከቁርጭምጭሚት እስከ ተረከዝ በስሱ አዳረስን። እንደጨረስን ቆርቆሮውን አንስታ ለልጇ አቀበለቻት።

«እንቺ፣ አንቺም እግርሽን። የኔ እግር የደረሰበት ሳይደርስብሽ።»

ልጅቱ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጉንጯን ማሸት ጀመረች።

«ወደ ታች!» ጮኸች አክስቴ፣ «ወደ ታች ነው ያልኩሽ!»