ዋና የማትችል እናት ልጇን ስታለማምድ

ዋና አልችልም። አዲስ አበባ ተወልደው ካደጉ እኩዮቼም የሚችሉት ጥቂት ናቸው። እኛ ቤት ውሃ በጄሪካን የሚቀዳ እንጂ ሰው የሚገባበት ነገር አልነበረም። እናቴ ልጅ ሳለች ደግሞ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ የአጎቷን ልጅ ወስዶባታል። ለእኛ የተረፈን ተግሳጽ አንድ ነው፤ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

የ4 ዓመቷን ልጄን ዋና ላስጀምራት ነው ስላት «አንቺ ሳትችዪ ማን ሊይዛት ነው?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አሰልጣኝ እንዳለና እኔም አብሬያት እንደምገባ ነገርኳት።

ይህች ከተማ እኮ የተቆረቆረችው በውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃውን ስለወደዱት በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት ተሠራላቸው፤ አዲስ አበባም ከዚያ ተነሣች። ዛሬም የሂልተን ሆቴል መዋኛ ገንዳ የተፈጥሮ ፍል ውሃ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ፣ ገንዳ ስንመርጥ ከሁሉ በፊት የጠየቅነው የውሃውን ሙቀት ነበር።

ክንድ ላይ የሚጠለቅ፣ በአየር የሚነፋ ተንሳፋፊም ገዛን። ካርቶኑ ላይ አንዲት ሕፃን ብቻዋን እየሳቀች ትንሳፈፋለች። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ሥዕሉ ለእናት ምን እያላት እንደሆነ ይገባኛል፤ «አንቺ ዘና በዪ» ነው የሚላት። ጎኑ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል «ሕይወት አድን መሣሪያ አይደለም» ይላል። እኔ ብሆን ቦታቸውን አለዋውጣቸው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመስጠም የሚሞቱ ሰዎች መጠን በዓለም ዙሪያ ከፍተኛ የሆነው ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ፊልም ላይ የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል። ሕፃን ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሰጥመው። የእናቴ ተረት ለካ እውነት ነበረው። ስለዚህ ስልኬን ልብስ መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ እጄ ከሚደርስበት ርቀት ላላርቃት ወስኜ ገባሁ።

ውሃው ደረቴ ሲደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ፊቴን ታየኛለች። አሰልጣኙ ቀስ ብሎ «እህቴ፣ መጀመሪያ አንቺ ተንፍሺ» አለኝ። ተነፈስኩ። ያን ጊዜ እሷም ክንዷን ላላ አደረገች።

«ሻይ ሲያቃጥልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

እፍ አለች።

«በይ ይህንንም አብርጂው።»

ከንፈሯን ውሃው ላይ አድርጋ እፍ ስትል አረፋ ወጣ። ሁለተኛውን ስትሞክር ውሃ በአፍንጫዋ ገብቶ አስነጠሳት። ልታለቅስ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ይሄ ሻይ ስኳር የለውም!» አለችን።

ያን ቀን ከዚህ ሌላ የተማረችው ነገር የለም፤ አረፋ ማውጣትና እግር ማራገብ ብቻ። 25 ደቂቃ ሲሆን ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ «አልወጣም» እያለች አወጣናት። ከፎጣ ይልቅ በጋቢ ጠቀለልኳት፤ የሚሻል ነገር አላየሁም። ያሲያዝኩላትን ዳቦ ጨርሳ የእኔንም ቀማችኝ።